ሣሩ ሳይደርቅ መለከታችንን ስለ ማስመለስ

ጥቅምት 1979 ዓ.ም.

ለተከበሩት ጓድ የፋደሙ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ሹም
በተሰበሰቡበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ክረምቱስ እንዴት አለፈልዎ? ወገብዎን አሞዎት ነበር ሲባል ሰምተን ቤተሰቡ ሁሉ ከልቡ አዝኖ ነበር፤ ነገር ግን መስከረም ሁለት ቀን በሰልፉ መድረክ ላይ ከጠዋት ጀምረው ጥላችን ከእግራችን ሥር ገብቶ ተመልሶ እስኪወጣ ድረስ ቆመው ሲናገሩ ባየንዎ ጊዜ፣ ወገብዎ እንደዳነና በሽታው ወደኛ እንደተዛወረ ተረድተን ፈጣሪን አመስግነናል። ለልጆችዎም፣ ለወይዘሮዋም፣ አዲስ ለመጣላችሁ ወንበርም ጤና እመኛለሁ።

እኔ ማህጁብ አልአሚን እባላለሁ። በአውራጃው ፍርድ ቤት የበርታኛና የዓረብኛ አስተርጓሚ ሆኜ ፀጉሬ እስኪነጣ ካገለገልኩ በኋላ በጡረታ ወደተወለድኩበት ወደ ፋደሙ ተመልሻለሁ። ሰው የተናገረውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ለዳኛ ማድረስ እንጀራዬ ስለነበረ፣ ዛሬም የጎረቤቶቼን ቃል ለእርስዎ የማድረሱ ሸክም ከኔው ትከሻ ላይ ወድቋል። እነሱ አማርኛ የሚናገሩት ገበያ ላይ በለቀሙት ቃል ነው፤ ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ ያደርጉታል፤ እርስዎ ደግሞ እንዲህ ያለውን ሲሰሙ ሳቅዎን መያዝ ያቅትዎታል። እንግዲህ ጉዳዩ ሳቅ ላይ እንዳይቀር ብዬ በጽሑፍ አድርጌዋለሁ፤ የገበያው ሰውም እንዲሰማው ሐሙስ ሐሙስ ከገበያው ማንጎ ሥር ጮክ ብዬ አነበዋለሁ።

የምንጠይቅዎ አንድ ነገር ነው። በማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ያሰቀሏትን መለከታችንን ኅዳር ገብቶ ሣሩ ሳይደርቅ ይመልሱልን። ሣርና መለከት ምን አገናኛቸው የሚል ሰው ቢኖር ታሪኩን ከታች ያገኘዋል፤ እርስዎ ግን ያውቁታል። ቢያውቁትም ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና በቅደም ተከተል እንዳቀርበው ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ። በመስከረሙ በዓል ላይ ያስነበቡልን «የፋደሙ ከተማ አጭር ታሪክ» እጅግ አስደስቶናል። በተለይ ከተማችን ከአብዮቱ በፊት ሰው ያልኖረበትና የዱር አራዊት መፈንጫ የሆነ ጫካ እንደነበረ ሲነገረን ብዙዎቻችን የሰማነው ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። የአጎቴ ልጅ ባቢከር፣ በዕድሜ ከሁላችንም የሚበልጠው፣ ትርጉሙን በጆሮው ካንሾካሾክሁለት በኋላ ጥቂት አሰበና «ማህጁብ፣ እኔ የትኛው አውሬ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ከሥሩ የተቀመጠበትን ማንጎ የተከለው የባቢከር አያት ነው፤ የወርቅ አጣሪዎች ከወንዝ ሲመለሱ፣ የሱዳን ጨው የጫኑ ግመሎችና የወለጋ ቡና የጫኑ በቅሎዎች ሲገናኙ ሐሙስ ገበያ የሚቆመው ከዚያ ማንጎ ሥር ነበር። ምናልባት ታሪኩን የጻፈው ወጣት አራዊት ያላቸው እነዚያን ግመሎች ይሆናል ብለን በቅን ልቦና ተርጉመነዋል።

ከተማው ማደጉን ማናችንም አንክድም። ካሚዮኖቹ ከባምባሲ በኩል አቧራ እያስነሱ የወሎን ሰው ያመጡልን ጊዜ፣ ትራክተሮቹ ጫካውን ሲመነጥሩ፣ ስማቸው ቁጥር የሆነ መንደሮች እዚህም እዚያም ሲበቅሉ፣ እኛ የሸሸን አይደለንም። እንግዳ ነው ብለን የማሽላ ዘር ሰጥተናል፣ የትኛው ምንጭ በበጋ እንደማይነጥፍ አሳይተናል፣ ቀርከሃ እንዴት ተሰንጥቆ ግድግዳ እንደሚሆን ከነሱ ጋር ቆመን አሠርተናል። ታሪኩ ይህንንም ረስቶታል። ለመርሳቱ ግን ቅያሜ የለንም፤ ጫካ ውስጥ የሚኖር አውሬ ዘር ሰጠ ብሎ መጻፍ ለጸሐፊውም ይከብደዋል። ስለዚሁ ታሪክ መጨረሻ ላይ የምለው አለኝ።

ሁለተኛ። ማዘጋጃ ቤትዎ በፊት ሰው የሚጠራበት ደወል ነበረው። ከበሩ ግንድ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነበር፤ ዘበኛው ዳበሳ በብረት ሲመታው ሰው ሁሉ ስብሰባ መሆኑን አውቆ እንደየዐመሉ ይመጣ ነበር ወይም ይሸሽ ነበር። ከዚያ አንድ የሰፈራ ካሚዮን መንገድ ላይ ቸርኬው ተሰብሮበት ሾፌሩ የእናንተን ፈትቶ ገጠመና ሄደ። ከተማው ድምፅ አጣ። እርስዎም አዝነው እንደነበር ሰምተናል፤ አንድ ሹም ሕዝቡን የሚጠራበት ሲያጣ የሚሰማውን ብቸኝነት እኛ ተራ ሰዎች ልንረዳው አንችልም።

በዚያው ሰሞን የ1978 የመስከረም በዓል ደረሰና የኛ ሰዎች ዙምባራ ይንፉ ተባለ። ዙምባራ የቀርከሃ መለከቶች ጨዋታ ነው። ለማያውቀው ላስረዳ፤ እያንዳንዱ ቀርከሃ ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ አንዱ ሲያቆም ሌላው እየተቀበለ ዜማው የሚሞላው ሁሉም ሲኖሩ ነው። ከሁሉ የምትረዝመውን እናት እንላታለን፤ ቁመቷ ባቢከርን ያህላል፤ የሚነፋትም እሱ ነው። ያለ እሷ የቀሩት ምሰሶ የሌለው ጎጆ ናቸው። ሙሽራ ከአባቷ ቤት የምትወጣው በዚህ ዜማ ነው፤ አዲስ እህል የሚቀመሰውም በዚህ ዜማ ነው።

እርስዎ ያን ቀን ከመድረኩ ወርደው አጨበጨቡልን። ደስ አለን፣ እውነቴን ነው፣ ባቢከር ማታ እንቅልፍ አልወሰደውም። በማግስቱ ዳበሳን ላኩበት። ዳበሳ የነጆ ሰው ነው፣ ጸሎተኛ ነው፣ ሰው ማስቀየም አይሆንለትም፤ ከባቢከር አልጋ ጫፍ ተቀምጦ የተሰጠውን ውኃ ጠጥቶ፣ ሌላም ጠየቀ። በመጨረሻ እናት መለከት ለሰፊው ሕዝብ አገልግሎት ትፈለጋለች አለ። ባቢከርም ሕዝቡ እኔ አይደለሁም ወይ ብሎ ለመጠየቅ አማርኛው አልበቃውም። አውርዶ ሰጠው።

ምስጋናዬን እዚህ ላይ ላቅርብ። በደረሰኝ፣ ከነፊርማው፣ ከነማኅተሙ ተቀብለውናል፤ ሌላ ሹም ቢሆን ዝም ብሎ ይወስድ ነበር። ያጎደሉት አንድ ትንሽ ነገር ብቻ ነው። ይህች መለከት ብቻዋን ስትነፋ ምን ማለት ነው ብለው አልጠየቁም።

ክቡር ሆይ፣ እናት መለከት ብቻዋን አትነፋም። ከእህቶቿ ጋር ስትሆን ደስታ ናት። ብቻዋን ከጮኸች ወይ እሳት ነው፣ ወይ ውኃ የወሰደው ሰው ነው፣ ወይ ጫካ ገብቶ የጠፋ ሕፃን ነው። ድምፅዋ ሁለት ወንዝ ይሻገራል። የሰማ ሰው ዶማውን ይጥላል፣ የሚበላም እጁን ሳይታጠብ ይነሣል፤ ሴቶቹ በቅል ውኃ ይዘው፣ ወንዶቹ እርጥብ ቅርንጫፍና መጥረቢያ ይዘው ድምፁ ወደመጣበት ይሮጣሉ። ማን እንደተቸገረ አይጠየቅም። ባላጋራህም ቢሆን ትሮጣለህ፤ ነግ በኔ ነው። ይህ ሕግ የተጻፈበት ወረቀት ስለሌለ እናንተ ዘንድ አልደረሰም።

ሦስተኛ። ወደ መጀመሪያው ስብሰባ ልምጣ። አጀንዳው የዶሮ ርባታ ማኅበር ስለማቋቋም ነበር። ዳበሳ በታዘዘው መሠረት እናት መለከትን ብቻዋን ነፋት። የዚያን ቀን የሆነውን እርስዎ በሪፖርትዎ «ሕዝቡ የሥራ መሣሪያውን እንደያዘ በነቂስ ወጥቶ ለአጀንዳው ያለውን ቁርጠኝነት አረጋገጠ» ብለው እንደጻፉት ሰምቻለሁ። እኔ ያየሁት ትንሽ ለየት ይላል። ከሁለት ወንዝ ማዶ ያሉ ሰዎች ላባቸው እየተንጠፈጠፈ፣ ነፍሰ ጡሮች ቅል ተሸክመው፣ ባቢከር በዚያ በታመመ ጉልበቱ ከሁሉ ፊት እየሮጠ፣ እሳቱ የት ነው፣ ማን ሞተ እያሉ ሲደርሱ እርስዎን ከጠረጴዛ ኋላ ቆመው አገኙ። ስለ እንቁላል ይናገሩ ነበር። ሴቶቹ የተሸከሙትን ውኃ ምን እናድርገው ቢሉ የማዘጋጃ ቤቱን አበባ አጠጡበት ተባሉ። አበባው በዚያ ዓመት እንዴት እንዳማረበት ከተማው ሁሉ ምስክር ነው።

በማግስቱ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነገሩን እንዳስረዳሁዎት ያስታውሳሉ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ወንበር ሰጥተውኛል፣ ይስጥልኝ። እስክጨርስም ታግሠው ከሰሙ በኋላ፣ እንዲህ ያለው አጉል እምነት ቀስ በቀስ ከሕዝቡ አእምሮ መውጣት እንዳለበት፣ ለጊዜው ግን ሕዝቡ እስከመጣ ድረስ ለምን እንደመጣ ማወቁ ያን ያህል አስፈላጊ እንዳልሆነ ገለጹልኝ። አንዱን ልክ ብለዋል፤ እምነቱ ከአእምሯችን ወጣ፣ ያውም ቀስ በቀስ ሳይሆን በአንድ በጋ።

በሁለተኛው ጊዜ ሮጥን። ስለ መጸዳጃ ጉድጓድ ነበር። በሦስተኛው ተራመድን። ስለ አዲሱ የስብሰባ አዳራሽ ሣር ክዳን ነበር፤ ሣሩንም አጭደን አመጣን። ከዚያ በኋላ ተቀምጠን መስማት ጀመርን። ታኅሣሥ ላይ መለከቷ ስትጮህ ባቢከር ከአልጋው ቀና ብሎ «መንግሥት ነው ወይስ ሞት ነው?» ይላል፤ ባለቤቴ ዐፊፋ ከበር ሆና ጭስ እንደሌለ ታይና መንግሥት ነው ትለዋለች፤ እሱም ተመልሶ ይተኛል። የገዛ መለከቱ ስትጮህ የሚተኛ ሰው አየሁ። አንጀቴን የበላኝ ይህ ነው።

ሌላ ቀርከሃ ቆርጣችሁ ሌላ እናት ሥሩ የሚለን ሰው ይኖራል። ሠርተናል። ዋናዋን ያህል ባትሆንም ድምፅ ነበራት። አንድ ቀን ስንሞክራት ሰምተው ወዲያው ማስታወቂያ አስለጠፉ፤ ከማዘጋጃ ቤቱ በስተቀር ማንም ሰው መለከት መንፋት ሕገ ወጥ ስብሰባ እንደመጥራት ይቆጠራል የሚል ነው። ስለዚህ እሷም ከጣራ ሥር ገብታ የአይጥ ቤት ሆናለች፤ በዚያው ዓመት ሦስት ሙሽሮች ከአባታቸው ቤት የወጡት በጭብጨባ ነው።

አራተኛ። ቅስቱ። በዚያው በ1978ቱ በዓል የአውራጃው ጓዶች ሲያልፉ ደስ እንዲላቸው የወሎ ሰዎች ከሰፈሩበት ከመንደር ሰባት መግቢያ ላይ የቀርከሃ ቅስት ማሠራትዎ ይታወሳል። አንዱ እግሩ ከመንገዱ በዚህ በኩል፣ ሌላው በዚያ በኩል፣ ከላይ በደረቅ ሣርና በወረቀት ያጌጠ፣ «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚል ነበር። ጓዶቹ በሌላ መንገድ አለፉ። ቅስቱ ግን ቆመ፤ ጥቅምትንም ኅዳርንም ታኅሣሥንም ቆመ፤ ጥር ላይ በጣት ቢነኩት እንደ ቂጣ የሚሰበር ሆነ። እንዲነሣ አመለከትን። ለሚቀጥለው በዓል ይደርሳል ተባልን።

የመንደር ሰባት ሰዎች ሲመጡ በመጀመሪያው ሳምንት የነገርናቸው ነገር አለ። በኛ አገር በበጋ የሣር እሳት ከሸንተረሩ ይወርዳል፤ መንገዱን ግን አይሻገርም፤ መንገዱን ሣር ሳታበቅሉ እየጠረጋችሁ ከያዛችሁ አትፍሩ አልናቸው። እነሱም ሰምተው እንደ ቤታቸው ደጅ ይጠርጉት ነበር። በየካቲት፣ ነፋሱ ከሸንተረሩ በኩል ሲነሣ፣ እሳቱ እስከ መንገዱ ወርዶ ቆመ። ሊሞት ነበር። ከዚያ ቅስቱን አገኘ። በዚህ እግሩ ወጥቶ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ በሚለው ላይ ተራምዶ፣ በዚያ እግሩ ወረደ።

ዳበሳ ጭሱን ከማዘጋጃ ቤቱ በር አየና ማንም ሳያዘው መለከቷን አንሥቶ ነፋ። ከንፈሩ እስኪደማ ነፋ። እኛ ማሽላ ልንወቃ የደለደልነው አውድማ ላይ ነበርን፤ ሰማን። አንዱ የዶሮው ስብሰባ ነው አለ፤ ሌላው አይ የአዳራሹ ነው አለ። ሳቅን። ክቡር ሆይ፣ ሳቅን! ነፋሱ ዞሮ ጭሱ ከሸተተን በኋላ ነው የሮጥነው፤ ስንደርስ ግማሹ መንደር አልቆ ነበር።

ጸሐይነሽ ይመር የምትባል ሴት አለች፣ የመንደር ሰባት ነዋሪ። ውኃ ልትቀዳ ወርዳ ነበር። አባቷ ይመር እግሩ ስለማይታዘዝለት ቤት ተቀምጦ ነበር። ይመር በድርቁ ጊዜ ሁለት ልጆቹን ወሎ ቀብሮ፣ በካሚዮን ተጭኖ፣ መንገድ ላይ ትውከት ሊገድለው ደርሶ፣ እዚህ ደርሶ ማሽላ የዘራ ሰው ነው። ከባቢከር ጋር ቋንቋ ሳይግባቡ ከማንጎው ሥር አብረው ይቀመጡ ነበር፤ አንዱ በበርታኛ አንዱ በወሎኛ ያወራል፣ ሁለቱም ይስቃሉ። ከደጃፉ ያገኘው ባቢከር ነው። እዚህ ላይ ማሾፍ አልችልም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ረሃብ ያልገደለው ሰው ጎረቤቶቹ እየሰሙ ሞተ፤ እኛም ያልመጣነው ክፉ ስለሆንን አይደለም፤ መምጣትን ስላስተዉን ነው።

አምስተኛ። ገና ለቅሶ ላይ ሳለን መለከቷ ጮኸች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። አጀንዳው የእሳት አደጋ መከላከል ነበር። የመጣ ሰው የለም፤ ዳበሳና የጎረቤት ፍየሎች ብቻ ነበሩ ብለውኛል። በዚህ ተቆጥተው ሕዝቡ ለእሳት አደጋ ያለው ንቃት ዝቅተኛ ነው ብለው መናገርዎን ሰማሁ። ትክክል ነው፤ ዝቅ ያለው ግን ካምናው መስከረም ወዲህ ነው።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ ይኸው ዘንድሮም ጠባ፤ ከመንደር ሰባት መግቢያ፣ በዚያው ስፍራ፣ የቀድሞው እግሮች በነበሩበት ጉድጓድ ውስጥ፣ አዲስ የቀርከሃ ቅስት ቆመ። ካምናው ይሰፋል። ጽሑፉ ያው ነው። በበዓሉ ቀን ከሥሩ አሳለፋችሁን፣ ጸሐይነሽም አለፈች፤ ቀና ብላ አላየችም። ከዚያ ያ አጭር ታሪክ ተነበበ፤ መጨረሻው ላይ ያለፈው ዓመት «ያለ አንዳች ችግር በድል ተጠናቀቀ» ይላል። ጸሐይነሽ ከፊቴ ቆማ ነበር። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደኔ ዞረችና፣ አባቴ የሞተው ታዲያ በየትኛው ዓመት ነው አለችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ስተረጉም ኖሬ ይህችን ጥያቄ ወደ ማን እንደማደርሳት አላወቅሁም፤ እንግዲህ ዛሬ ለእርስዎ አድርሻለሁ።

ክቡር ሆይ፣ የደረሰብኝን በደል ብቻ ዘርዝሬ ውለታዎን ብረሳ ነውር ይሆንብኛል። ጫካ ውስጥ መወለዴን ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። ነፍሰ ጡሮች የእግር ጉዞ እንዲያደርጉ ስላደረጉ አመሰግናለሁ። ባቢከርን ከመለከት መንፋት ድካም ስላሳረፉት፣ ሙሽሮቻችንን ከጩኸት ስለገላገሉ፣ እሳትንም እንደ እንግዳ በክብር ስለተቀበሉ አመሰግናለሁ። እናንተ ባትኖሩ ይህን ሁሉ ማን ያደርግልን ነበር።

እንግዲህ ልመናችን አጭር ነው። ሣሩ ዛሬ አረንጓዴ ነው። ኅዳር አጋማሽ ላይ ቢጫ ይሆናል፤ ታኅሣሥ ላይ ይደርቃል። ከዚያ በፊት እናት መለከት ወደ ባቢከር ቤት ትመለስ፤ ክልከላው ይነሣ፤ ቅስቱም ይፍረስና ማገዶ ይሁን። ሰው ከረሳው ነገር ለመመለስ ጊዜ ይፈልጋል፤ መለከቷ ዛሬ ብትመለስ እንኳ ሁለት ወንዝ ማዶ ያለው ሰው ድምፅዋን እንደገና እንዲያምን በብዙ ሠርግ ላይ መነፋት አለባት። ለስብሰባ መጥሪያ የሚሆን ሌላ ቸርኬ ከፈለጉ እኔ ራሴ ባምባሲ ወርጄ፣ ሾፌሮቹን ለምኜ፣ በጀርባዬ ተሸክሜ አመጣልዎታለሁ። ይህን የምለው በቀልድ አይደለም።

በተረፈ የወገብዎ ሕመም እንዳይመለስብዎ ቀዝቃዛ ወንበር ላይ አይቀመጡ፤ ጥቅምት ነፋሱ ክፉ ነው።

ድምፅዎን ከሁለት ወንዝ ማዶ የሚሰማው፣
ጥሪዎንም ከማንም በላይ በትክክል የተረጎመው
ታዛዥ አገልጋይዎ
ማህጁብ አልአሚን
የቀድሞ አስተርጓሚ፣ የአሁን አውሬ

ግልባጭ፦
ለዘበኛ ዳበሳ (ከንፈሩ ድኖለት እንደሆነ ለማወቅ)
ለወይዘሮ ጸሐይነሽ ይመር፣ መንደር ሰባት
ለዶሮ ርባታ ማኅበሩ፣ ተቋቁሞ ከሆነ

ማስታወሻ። መለከቷን ባንመልስስ ምን ይሆናሉ ብለው እንዳይጨነቁ አንድ ነገር ልጨምር። ባለፈው ጳጉሜን የኛ ሽማግሌዎችና የመንደር ሰባት ሽማግሌዎች ከማንጎው ሥር ተቀምጠው ለእሳት ሌላ ምልክት ተስማምተዋል። እንደ እናት መለከት ወንዝ አይሻገርም፤ ለሁለታችን መንደር ግን ይበቃል። የመንደር ሰባት ሕፃናት ያውቁታል፤ ዳበሳ ያውቀዋል፤ ከማዘጋጃ ቤቱ ግቢ ውጭ የማያውቀው የለም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ምን እንደሆነ እዚህ አልጽፈውም፤ የወደዱትን ሁሉ በርዎ ላይ ስለሚሰቅሉት እንፈራለን።

የአዲሱ አዳራሽ ክዳን ሣር መሆኑን ግን ያጨድነው እኛ ነንና እናስታውሳለን፤ እርስዎም ከጀርባው እንደሚያድሩ እናውቃለን። አንድ የበጋ ቀን ጭስ ቢያዩና መለከቷን ቢያስነፉ፣ እኛ እንደለመድነው ስብሰባ ነው ብለን ተኝተን እንዳንቀር በዚያ ጉባኤ ላይ ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። ምልክቱ ለሹሙም ይነገራቸው ያለች አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እሳቸውም ቤት እግሩ የማይታዘዝለት አባት ይኖር ይሆናል አለች። ጸሐይነሽ ናት። እኛ የቀረነው ገና አልተስማማንም፤ ነገሩ ሌላ ስብሰባ ይፈልጋል፤ ስብሰባ ደግሞ ከእርስዎ እንደተማርነው ቶሎ አያልቅም።